በይሉኝታ ፍሎሪዳ ልትሄድ የነበረች ድመት

በዚያን ቀን ጀልባዋ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ደምሴ፣ ዋፍል የሚባለው የልጄ ውሻ እና ኩኪ የምትባለው የልጄ ድመት። በኋላ ሊንዳና ጌሪ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት መጥተው ተቀላቀሉን። ከሁሉም መጨረሻ አንዲት የውኃ ፖሊስ መጣች፤ እሷ ግን እግሯን ጀልባችን ላይ ስላላሳረፈች ከቁጥር ትግባ አትግባ እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄ ሶስና አልነበረችም። መኖር የነበረባት ግን እሷ ነበረች፤ እሷ ብትኖር ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ስም ዝርዝር ያስቀደምኩት እንዲያው አይደለም። መቁጠር ልማዴ ነው። ሶስና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ጠፍታብኝ፣ ፍራሽ ከሚሸጡበት ቦታ አንዱ አልጋ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ከቤት በወጣሁ ቁጥር አብረውኝ ያሉትን እቆጥራለሁ። ደምሴ ይስቅብኛል።

«ያለሽ አንድ ልጅ ነው፤ ምኑን ነው የምትቆጥሪው?»

«አንድ ስለሆነች ነዋ!» እለዋለሁ።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መቁጠር ግን እዚያ ድረስ በደንብ ያስተምራሉ።

ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። ከደምሴ ጋር ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ሞላን። ሶስናም «ሬስቶራንት አልወስዳችሁም። ሬስቶራንት ስወስድሽ ‘ይኼንን እኔ ቤት እሠራው ነበር’ ነው የምትዪው» አለችና ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራየችልን። ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ከተነዳ ኢሪ ሐይቅ ይደረሳል። ሐይቅ ይሉታል እንጂ ማዶው አይታይም፤ ለኔ ባሕር ነው። ዳር ዳሩን ግን በደሴቶችና በሸንበቆ የተከለለ፣ ማዕበል የማይደፍረው የውኃ መንገድ አለ። ሰዉ በሰመር እዚያ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውላል። የት ትሄዳላችሁ ቢባሉ የትም። ይኼንን መጀመሪያ ስሰማ ነዳጅ የማቃጠያ ሌላ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

ጀልባዋን ልትነዳልን የነበረችው ሶስና ናት። በመጨረሻው ሳምንት መሥሪያ ቤቷ ለአራት ቀን ወደ ሌላ ስቴት ላካት።

«ማም፣ ካንስል እንዳታደርጉት» አለችኝ። «ዳድ ይነዳዋል። ኢትስ ሱፐር ኢዚ።»

ደምሴ ካናል ዊንቸስተር ካለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የፎርክሊፍት ነጂ ነው። ይኼንን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ እግሩ ነው። ጀልባም የሚታጠፈው በኋላው ነው። እኔ ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀልባ ስለማመድ ነው የኖርኩት!» አለ።

ውሻውና ድመቷ እንዴት እኛ ጋ እንደመጡ ልንገራችሁ፤ የጭንቀቴ ሥር እሱ ነውና። ሶስና እዚያው ኮለምበስ ጥግ፣ ደብሊን በሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እኛ ኢስትሙር ነን። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ እነዚህን ሁለቱን ግን እንደ ልጅ ነው የምታያቸው። ስማቸውን በምግብ ያወጣችው እሷ ናት። እኛ አገር ውሻውን «አምባሻ»፣ ድመቷን «ዳቦ ቆሎ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቢገኝ ጎረቤት ተሰብስቦ ጸሎት ያስደርግለት ነበር።

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ኩኪን ለአንድ ሳምንት እኔ ጋ ትታት ሄዳ ነበር። ቤቱ በሙሉ እየጾመ እሷ ብቻዋን ሥጋ ትብላ ማለት ከበደኝና ሽሮ ሰጠኋት። በላች እኮ! ወዳው ነው የበላችው። በሦስተኛው ቀን ግን ሆዷ ተበላሽቶ ሐኪም ቤት ገባች። ሶስና አልተቆጣችኝም፤ ይልቅ ከዚያ በኋላ የትም ስትሄድ ድመቷን የምትጠብቅ ሌላ ሰው በክፍያ ትቀጥር ጀመር። እናት ለዚህ ምን ትላለች? ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ያቺ ጠባቂ ታመመችና ሶስና ሁለቱንም ይዛልኝ መጣች። ኩኪን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «አይ ትረስት ዩ፣ ማም። በት ላስት ቻንስ ነው፣ እሺ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው። የልጄን ሳቅ ግን አውቀዋለሁ፤ ያ ግማሹ ሳቅ አልነበረም። ስለዚህ ለኔ ያ ሳምንት ድመት የመጠበቅ ነገር አልነበረም። ልጄ እኔን እንደገና ልታምነኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

«ዋፍልን ውሰዱት፤ ውኃ ይወዳል» ብላኝ ነበር። «ኩኪን ግን ቤት ተዋት። ምግቧን አስቀምጪላት፣ ሺ ዊል ቢ ፋይን።»

እሺ አልኳት። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን፣ ድመት ብቻዋን ቤት ውስጥ! ምድጃውን ረግጣ ብታበራውስ? መጋረጃ ላይ ተንጠልጥላ ብትታነቅስ? ጎረቤታችን እትዬ አስካለም የአንዲት የማላውቃት ሴት ድመት በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብታ እንደነበር ነግራኛለች። በቃ ይዣት ሄድኩ። ከጥንቃቄ ብዛት የመጣ ጥፋት አስታራቂ እንኳ አይገኝለትም፤ ምክንያቱም አጥፊው ራሱን ጻድቅ ነው ብሎ ያምናል።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የያዝኩት ሁሉ የጾም ነው፤ የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ። ለሁለት ሰው። ደምሴ መኪናውን ሲጭን «ይኼ ሐይቅ የሚያልቀው በስንት ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጀልባዋ ስትታይ ሳሎን ቤት ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ነው የምትመስለው፤ ጣሪያ አላት፣ ዙሪያዋን ሶፋ ተደርድሮባታል። አከራዩ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሲሰጠን እኔ ሁለት ደራርቤ ለበስኩ። ዋፍል የራሱ አለው። ለኩኪ የሚሆን ስላልነበረ ከነመሸከሚያ ሳጥኗ ሶፋው ላይ አድርጌ በነጠላዬ ጫፍ አሰርኳት። ከዚያ ከቦርሳዬ ጸበል አወጣሁና ከጀልባዋ ጎን ወደ ውኃው ጠብ ጠብ አደረግኩ፤ ሐይቁ በሰላም እንዲያሳልፈን።

ደምሴ አየኝ። «እንዲህ ከሆነማ ይኼ ሁሉ አሁን ጸበል ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ጫማሽን አውልቂያ!»

አወለቅኩት። ምን ይታወቃል።

ሲነዳ ግን እውነቱን ለመናገር አላሳፈረኝም። ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ልክ ዕቃ የተጫነበት ፎርክሊፍት እንደሚነዳ ነው የሄደው። መታጠፊያ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ መጋዘን ውስጥ ሰው እንዳይገጩ የሚያደርጉት ነው። ከሸንበቆው ውስጥ ዳክዬዎች ብቻ ይወጡ ነበር። ችግሩ ዋፍል ነው። ይህ ውሻ ከዓለም ሁሉ መርጦ ደምሴን ይወዳል። ደምሴ ደግሞ በማግሥቱ ቅዳሴ ሊያስቀድስ አስቧል፤ ውሻ እንዲልሰው አይፈልግም። «ወዲያ በል! ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አንተ!» ይለዋል፤ ውሻው ግን አማርኛ ስላልተማረ ጭኑ ላይ አገጩን ያሳርፋል።

ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታቃጥልም። ያለፈው ጀልባ ሁሉ እጁን ያውለበልብልናል። የማያውቁን ሰዎች! እኔም እየተነሳሁ እጅ እነሳለሁ። ደምሴ ባርኔጣውን ያወልቃል። ኢስትሙር ውስጥ ስንት ዓመት ኖረን ከግራ ጎረቤታችን ጋር እንዲህ ተሰላልመን አናውቅም። ሰው ውኃ ላይ ሲወጣ ጨዋ ይሆናል ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ መስመጥ ቢመጣ ማን እንደሚያወጣው ስለማያውቅ ሁሉንም አስቀድሞ ይወዳጃል አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አንድ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጣልንና ምሳችንን አቀረብኩ። አንድ ጉርሻ እንደዋጥን ነጭ ጀልባ በዝግታ እያለፈች መጣች። ከኛዋ ትበልጣለች፤ መኝታም ማዕድ ቤትም ያላት። አንድ ሽማግሌ ይነዳታል፣ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት አጠገቡ ተቀምጣለች፣ እግራቸው ሥር ያረጀ ውሻ ተኝቷል። እጃቸውን አወዛወዙልን።

እንግዲህ እኛ ሰው እያየ ዝም ብለን አንበላም። «እንብላ» ይባላል። የሚያልፈውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። ማንም ማንንም አያስቸግርም። ይህ ውል በኛ ዘንድ ከተፈረመ ዘመኑ አይታወቅም። አሜሪካኖቹ ግን አልፈረሙም።

ደምሴ ሳምቡሳ ከፍ አድርጎ «ከም! ኢት!» አለ።

ሽማግሌው ሞተሩን አቀዘቀዘ። ከሴትዮዋ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደኛ አዞረች።

«እየመጡ ነው» አልኩት።

«አይመጡም፤ ለሰላምታ ነው።»

«ደምሴ፣ ገመድ እየወረወሩልህ ነው።»

ገመዱን ያዘው፤ ምን ያድርግ። ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታሰሩና ሊንዳና ጌሪ በአጥሩ ተሻግረው ምሳችን ላይ ተቀመጡ። ይኼኔ ነው ያን ሁሉ ምግብ ስለያዝኩ አምላኬን ያመሰገንኩት። ደምሴም ያን ቀን ስለ ጭነቱ ደግሞ አላነሳም።

ደግ ሰዎች ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በሰመር ጀልባቸው ላይ ነው የሚኖሩት። ዘንድሮ ደግሞ ሐይቁን ይዘው ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በተቆፈረ ቦይ ወደ ኒውዮርክ፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር ዳር ተከትለው እስከ ፍሎሪዳ ሊወርዱ ነው። ይኼን ያወቅሁት ደምሴ ሲተረጉምልኝ ነው። የሱ እንግሊዝኛ ከኔ ይሻላል። እኔ ያልገባኝን እንግሊዝኛ ራሴን በመነቅነቅ ነው የማልፈው፤ ብዙ ዓመት አሳልፎኛል።

ጌሪ ሁለት ሳምቡሳ በልቶ እጁን ሲሰበስብ ደምሴ «በሞቴ!» ሊለው ፈለገ። በእንግሊዝኛ ሲያመጣው «ፕሊስ! ኢፍ ዩ ኖት ኢት፣ አይ ዳይ!» ሆነ። ሰውየው ደነገጠና ሦስት ተጨማሪ በላ።

ሊንዳ ነጠላዬን ነካ አድርጋ እንዴት እንደሚያምር ነገረችኝ። ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ ዝም አይባልም። «ዩ ላይክ? ቴክ! ቴክ!» አልኳት። እሷም ደረቷን ይዛ «ኖ፣ ኖ፣ አይ ኩድንት!» አለች። ደስ አለኝ። ልክ እንደኛ! እኔ ልስጥ እላለሁ፣ እሷ አይሆንም ትላለች፣ ሁለታችንም ተከባብረን ዕቃው ለባለቤቱ ይቀራል። ደንቡን ታውቃለች ብዬ ልቤን ጣልኩባት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ኩኪ ከሳጥኗ ወጥታ ሊንዳ ጭን ላይ ተጠቀለለች። ማንም ጋ የማትሄድ ድመት ናት። ሊንዳ ጀርባዋን እየደባበሰች ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ «ካት» እና «ኤፕሪል» የሚሉትን ሰማሁ። ዓይኗ እርጥብ ብሏል፤ እኔ የውኃው ነጸብራቅ ነው አልኩ። ነገሯን ስትጨርስ ራሴን ነቅንቄ «ኦ፣ ናይስ፣ ናይስ» አልኳት። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ ያለች ቆንጆ ድመት አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

«ዩ ላይክ? ቴክ!» አልኳት።

እጇን ድመቷ ላይ አቁማ አየችኝ። «አር ዩ ሹር?»

እኛ አገር አንዴ ብቻ «እንኪ» ብሎ መተው ንፉግነት ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ግድ ማለት አለ። «ሹር፣ ሹር! ሺ ኢዝ ዩር ካት!» አልኩ። ደግማ ስትጠይቀኝ ጉልበቷን መታ መታ አድርጌ «ፊኒሽ! ዩርስ!» አልኳት። «ኖ፣ አይ ኩድንት» የምትልበትን እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አቀፈችኝ። እቅፉን እንደ እምቢታ ቆጠርኩትና የተረፈውን ሳምቡሳ ልጠቀልልላቸው ዞርኩ።

ሲሄዱ ደምሴ ገመዱን ፈታላቸው። እኔ ዕቃ እያጠብኩ እጄን አወዛወዝኩ። ዕቃው አለቀ። ጨርቁን አጠፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። እኔ አንድ። ደምሴ ሁለት። ዋፍል ሦስት።

ዋፍል ሦስት።

ሳጥኗ ባዶ ነው። ሶፋውን ገለበጥኩ። የዳቦውን ጨርቅ አራገፍኩ። ወደ ውኃው አጎነበስኩ። «ደምሴ! ኩኪ ውኃ ገባች!»

ደምሴ ሳይነሳ «ምን ውኃ ትገባለች፤ ሴትዮዋ ይዛት ሄደች እንጂ» አለ።

«ይዛት? የት?»

«ፍሎሪዳ ነዋ። አንቺ ሰጠሻት እኮ! እኔም ገርሞኝ ነበር፤ የልጅ ድመት ይሰጣል ወይ ብዬ።»

«አንተ ሰው! እያየህ ዝም አልክ?»

«ሦስት ጊዜ ነው የሰጠሻት! በሰው ፊት ሚስቴን ‘ውሸቷን ነው’ ልበል? ደግሞ እኮ ሴትዮዋ ድመቷ በሚያዝያ እንደሞተችባት ስትነግርሽ ‘ናይስ’ አልሻት። እኔ በዚያ ደንግጬ ገና አልተረጋጋሁም።»

ተቀመጥኩ። ሞተችብኝ ብላ ነግራኝ «ናይስ» ብያታለሁ። ልጄ አምናኝ የተወችውን ደግሞ ለማላውቃት ሰው በምሳ መካከል ሰጥቻለሁ። አሁን ለሶስና ምን ልላት ነው? ምድጃ አበራች፣ መጋረጃ አነቃት ቢሆን እንኳ አደጋ ነው ይባላል። ይኼ ግን ምንም ስም የለውም።

«ንዳ!» አልኩት።

«ደርሰንስ ምን ልትያት ነው? የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ይቻላል?»

«መጀመሪያ እንድረስ። እፍረቱን እዚያ አፍራለሁ።»

ደምሴ መልሕቁን ስቦ የሞተሩን እጀታ እስከ ጥጉ ገፋው። ጀልባዋ ጩኸት ጨመረች እንጂ ፍጥነት አልጨመረችም፤ እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ። ነጯ ጀልባ ከፊታችን ትታየናለች፤ በኋላ መስኮቷ ኩኪ ቁጭ ብላ ወደኛ ታያለች። አልተጨነቀችም። ነጠላዬን አውልቄ ተነስቼ በሁለት እጄ አውለበለብኩ። ሊንዳ አየችኝ! ተነስታ እሷም በሁለት እጇ አውለበለበች። ጌሪ ደግሞ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋልንና መንገዱን ቀጠለ። እኔ የባሰ አውለበለብኩ። ከግራ ያለፈ ጀልባ አውለበለበልኝ፤ ከቀኝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አውለበለቡልኝ፤ ዳር ላይ የሚዋኙ ሕፃናት በሙሉ አውለበለቡልኝ። ያን ቀን በዚያ ሐይቅ ላይ እንደኔ የተሰላመ ሰው የለም። የሚቆምልኝ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ ያየችኝ የውኃ ፖሊሷ ናት። ነጭ ጨርቅ ሲውለበለብ ሰው እየሰመጠ መስሏት በፍጥነት መጥታ አጠገባችን ቆመች። ወጣት ልጅ ናት። ምን እንደሆንን ጠየቀችን።

«ማይ ካት» አልኩ። «ዚስ ቦት። ጎ ፍሎሪዳ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ድመትሽን ሰረቁብሽ?» አለችኝ። ይኼ ገብቶኛል።

አንድ «የስ» ብቻ ነበር የምትፈልገው። በደቂቃ ታስቆማቸውና ኩኪን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ሶስናም ምንም አትሰማም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያቺ ሴት እንጀራዬን በልታ፣ አንገቴን አቅፋ፣ እኔ ሌባ ላሰኛት?

«ኖ» አልኩ። «አይ ጊቭ። በት አይ ኖት ጊቭ።»

ፖሊሷ ወደ ደምሴ ዞረች። ደምሴ ትከሻውን ሰብቆ «ማይ ዋይፍ ኢዝ ፖላይት» አላት።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችውና በሬዲዮዋ ተናገረች። ነጯ ጀልባ ከፊታችን ካለ የመርከብ መብራት ግንብ አጠገብ ስትቆም አየናት።

ስንደርስ ሊንዳ ደስ ብሏት ተቀበለችን። እንደገና ሰላም ልንላት የመጣን ነው የመሰላት። ኩኪን በፎጣ ጠቅልላ ይዛታለች፤ አንገቷ ላይ ትንሽ ቃጭል አስራላታለች። የዚያች የሞተችው ድመቷ ቃጭል ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አለችኝ፤ እሺ ብዬ ወደነሱ ጀልባ ተሻገርኩ። ደምሴ ከኛ ጀልባ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ፖሊሷም በራሷ ጀልባ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነው! ዝም ብዬ እንዳልጠጣ ሻዩ ጥሩ ነው አልኳት። ሊንዳ ተነስታ ከነካርቶኑ ሰጠችኝ። ልቀበል የመጣሁት ሌላ፣ የጨመርኩት ሌላ። በዚህ አያያዝ ትንሽ ብቆይ ውሻቸውንም ይዤ እመለስ ነበር።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ሶስና ናት፣ በቪዲዮ።

«ሃይ ማም! ሃው ኢዝ ዘ ቦት? ኩኪስ? ቤት ተውሻት አይደል?»

«ቆይ ልጄ» አልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። መዝጋቱን ግን ረሳሁት። ከዚያ ወደ ሊንዳ ዞሬ ባለኝ እንግሊዝኛ ሁሉ ነገርኳት፤ የጎደለውን ደምሴ ከዚያኛው ጀልባ እየጮኸ ሞላልኝ። ድመቷ የኔ አይደለችም፤ የልጄ ናት። ‘ውሰጂ’ ያልኩሽ በኛ ደንብ ነው፤ ‘አይሆንም’ ትይኛለሽ ብዬ ነው። ድመትሽ እንደሞተች አልገባኝም ነበር፤ ‘ናይስ’ ያልኩት ሳይገባኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሊንዳ ኩኪን ታያለች። በዚህ መካከል ከጠረጴዛው ላይ ድምፅ ወጣ።

«ማም? ዩ ጌቭ አዌይ ማይ ካት?»

ደነገጥኩ። ሊንዳ ስልኩን አነሳችና ወደ ፊቷ አዞረችው። ሁለቱ ይነጋገሩ ጀመር። ፈጣን ነው፤ አልተከተልኳቸውም። ሶስና መጀመሪያ ድምፇ ከፍ ያለ ነበር፤ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ሊንዳ ስለ ሞተችው ድመቷ ነው የምታወራው፤ በእጇ መጠኗን እያሳየች። ከዚያ ሊንዳ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ስልኩን አስቀምጣ ወደኔ ዞረችና ጥያቄ ጠየቀችኝ። ደምሴ ተረጎመልኝ።

«ሳምቡሳውስ? እሱም የውሸት ነበር ወይ? ነው የምትልሽ።»

«ኖ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሳምቡሳ ትሩ! ሳምቡሳ ዩርስ!»

ኩኪን ከነፎጣው አቀበለችኝ። ቃጭሉን ልፈታው ስል እጄን ያዘችኝ፤ ይሁንላት ማለቷ ነው። እኔም ነጠላዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት። ይኼኛውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኳት፤ አንድ ጊዜም በቃ። ተቀበለችኝ። ስንለያይ ጌሪ ለደምሴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሊንዳ ያለ ድመቷ ከወደብ አልነሳም ብላ እንደነበረና በስንት ልመና እንዳወጣት ነገረው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። እኛ ጀልባዋን ዘግይተን መለስን። አከራዩ ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከኋላችን ፖሊስ ስትሸኘን ሲያይ ግን እንኳን በሰላም መጣችሁ አለን።

እሑድ ሶስና ልትወስዳቸው መጣች። በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ኩኪን አነሳቻት፤ ቃጭሉን በጣቷ ነካችው። የተዘጋጀሁበት ነገር ነበር፤ ከሁዳዴው ሽሮ ጀምሬ ይቅርታ ልጠይቃት። እሷ ቀደመችኝ።

«ማም፣ የሊንዳን ነምበር ወሰድሽ?»

«አልወሰድኩም።»

«ማም! ሺ ዋዝ ሶ ሳድ! እንዴት አትወስጂም?»

«አንቺስ ያን ያህል ስታወሪያት?»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ኩኪ ጭኗ ላይ ተጠቀለለች። ከዚያ «መስከረም ላይ ደግሞ ለሥራ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሁለቱም አንቺ ጋ ይቆያሉ። በት ማም… ኖ ጌስትስ።»

እሺ አልኳት። ወደ ማዕድ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ደምሴ ሽንኩርት ነው ወይ አለኝ፤ ነው አልኩት።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ጀልባቸው ነጭ ናት፤ ዙሪያዋን አረንጓዴ መስመር አለባት። ከኋላዋ ስሟ በተያያዘ ጽሑፍ ተጽፏል፤ የተያያዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ስለማልችል አልያዝኩትም። በኒውዮርክ በኩል፣ በካሮላይና ወይም በፍሎሪዳ ባሕር ዳር የምትኖሩ ካላችሁና ካያችኋቸው፣ ሴትዮዋ ሊንዳ ትባላለች፣ ሰውየው ጌሪ። ሊንዳ ደኅና መሆኗን ጠይቃችሁ ንገሩኝ። ድመት አግኝታ እንደሆነም ጠይቁልኝ።